ስቅለት ሰግጄ በፋሲካ ማግስት ማራቶን፤ ጭኔ ይችለዋል?

የስፕሪንጉ ሯጭ — የካቲት 19፣ 2017

ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሳችሁ። ረመዳንም ከደጅ ነውና ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች እንኳን አደረሳችሁ።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ዕድሜዬ 43። አትሌት አይደለሁም። ቀን እሠራለሁ፣ ጎህ ሳይቀድ እሮጣለሁ። ቦስተን ማራቶን ለመግባት ግን ሦስት ዓመት ለፍቻለሁ። ለ2017ቱ ውድድር ለእኔ ዕድሜ የተቀመጠው ሰዓት 3:10 ነበር፤ ዘንድሮ አመልካቹ ስለበዛ ከዚያ ላይ 6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ የቀነሰ ብቻ ነው የተወሰደው። 3:02 ሮጬ ስለነበር ለጥቂት አለፍኩ። ለእናቴ ስነግራት «መቼ ነው?» አለችኝ። «ሚያዝያ 13» አልኳት። ጣቷን አጣጥፋ ቆጠረችና «የፋሲካ ማግስት?» ብላ ዝም አለች።

እናንተም ቁጠሩልኝ። ዓርብ ሚያዝያ 10 ስቅለት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት። ቅዳሜ ሌሊት የትንሣኤ ቅዳሴ፤ ቤት ስንገባ ሌሊት 9 ሰዓት አልፎ ነው። ከዚያ ተልባው፣ ዶሮው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቦስተን መገኘት አለብኝ፤ የደረት ቁጥሩን በአካል ሄዶ ያልወሰደ ሰኞ ዕለት አያገኝም። ሰኞ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሆፕኪንተን መነሻው ላይ ነኝ።

አምና ስቅለት ሰግጄ ቅዳሜና እሑድ ደረጃ የወረድኩት ግድግዳ ይዤ ነው። ቦስተን ደግሞ የሚጀምረው በቁልቁለት ነው። የሮጡት ሁሉ የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው፦ ቁልቁለቱ የፊት ጭንህን ሳታውቀው ይጨርሰዋል፣ ከ25ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ የኒውተን ዳገቶች ሲመጡ ሒሳቡን ትከፍላለህ።

ጾሙን አልተውም። ጥያቄዬ ስግደቱና ሩጫው በሦስት ቀን ልዩነት አንድ ጭን ላይ እንዴት ይስማማሉ ነው። «ተወው» የምትሉ የትኛውን እንደሆነ ግለጹልኝ።

ሻሼ — የካቲት 19

ተወው። የትኛውን እንደሆነ አልናገርም።

ደግሞ ዲያስፖራ ስትባሉ! እዚህ እናቶቻችን ቀኑን ሙሉ ሰግደው፣ ቅዳሜ ዶሮ ገነጣጥለው፣ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ውለው፣ ሌሊቱን ቆመው ያስቀድሳሉ። አንተን አንድ ሩጫ አስጨነቀህ?

የስፕሪንጉ ሯጭ — የካቲት 19

እናቶቻችን 42 ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት አይሮጡማ።

ሻሼ — የካቲት 19

ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?

ሱሉልታ ጭቃ — የካቲት 20

ወንድሜ፣ እኔ አዲስ አበባ ክለብ ይዤ ስድስት ዓመት ሮጫለሁ። አሁን አቁሜያለሁ፤ ለምን እንዳቆምኩ እዚሁ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ግን ይህ የአንተ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ። ቦስተን በፈረንጆቹ ኤፕሪል ሦስተኛው ሰኞ ስለሆነ በአብዛኛው ሁዳዴ ውስጥ ወይም ፋሲካ አጠገብ ነው የሚውለው። ሲሳይ ለማ በ2:06:17 ያሸነፈበት ቀን ሚያዝያ 7፣ 2016 ነበር፤ ለፋሲካ ገና ሦስት ሳምንት ገደማ ይቀረው ነበር። በጸደይ ማራቶን የሚሮጥ የኛ ልጅ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ማን ጾመ ማን ገደፈ የሚለው የራሱ የሯጩ ጉዳይ ነው፤ ማራቶን ሯጭ ደግሞ እንጀራው በዓመት ሁለት ውድድር ላይ ስለሆነ ከውጭ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው።

የኔ ታሪክ። በ2009 ሁዳዴ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» ብዬ ቆረጥኩ። ጠዋት 12 ሰዓት እንጦጦ ወይ ሱሉልታ ልምምድ፣ ከዚያ ባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ፣ አንድ ሳህን ሽሮ፣ 11 ሰዓት ሲሆን ሶምሶማ። አንደኛው ሳምንት ቀለለኝ፤ ሰውነቴ ላባ ሆነ፣ ጸሎቱም ደስ አለኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አምስተኛው ላይ ቅልጥሜ መታመም ጀመረ። አሠልጣኜ «ምን እየበላህ ነው?» ሲለኝ ዋሸሁት። ስመረመር አጥንቴ ተሰንጥቋል፣ የብረት ክምችቴም አልቋል ተባልኩ።

ያኔ ሰው ሁሉ «ጾሙ ሰበረው» አለ። ስምንት ዓመት አሰብኩበት፤ አይደለም። በፍስክም ቢሆን በቀን አንድ ሳህን እየበላ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ይሰበራል። አብረውኝ የነበሩት ጾመው ነው የሮጡት፤ አንዳቸውም አልተሰበሩም። ልዩነታችን ምን ነበር? እነሱ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላሉን ትተው ሰዓቱን ግን ለንስሐ አባታቸው ነግረው አስፈቅደዋል። ልምምድ እንዳለቀ እዚያው መኪና ውስጥ በሶ በስኳር በጥብጠው ይጠጣሉ፤ ቤት ሲገቡ ድንች፣ ምስር፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ኦቾሎኒ፤ ማታ ደግሞ እንደገና። እኔ ነኝ ሳላስፈቅድም ሳልጠይቅም ብቻዬን ጻድቅ የሆንኩት።

የስፕሪንጉ ሯጭ — የካቲት 20

ይህን ስለጻፍክልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ በሳምንት 80 ኪሎ ሜትር ነኝ፤ ጠዋት ሮጬ ቡና ብቻ ጠጥቼ ሥራ እገባለሁ። «ቡና ብቻ» የሚለውን ስጽፈው አሁን ራሴ ሰማሁት።

የደብሩ ልጅ — የካቲት 21

ወንድማችን፣ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ሱሉልታ ጭቃ ያለው ልክ ነው። ጾም በራስ ፈቃድ የሚጀመር የብቻ ውድድር አይደለም። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለመንገደኛ፣ ሥራው ለሚከብደው ቤተ ክርስቲያን ዓይኗን አትጨፍንም፤ ንስሐ አባት የተሰጡህ ለዚህ ነው። ሂድና ንገራቸው። ሩጫ ሲባል ግር ቢላቸው ምን ያህል እንደምትሮጥ በቁጥር አስረዳቸው።

ሁለተኛ፣ ቅር ያለኝን ልናገር። ጥያቄህ ውስጥ ስግደቱ እንደ ጉዳት ነው የተቆጠረው። ስቅለት ለአንተ ከውድድር ሦስት ቀን በፊት የሚመጣ ከባድ የጭን ልምምድ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ቆመህ ጭንህን እየቆጠብክ «ይህችን ልዝለላት» የምትል ከሆነ ቤትህ ብትተኛ አይሻልም? አንድ ዓመት ቦስተንን ማሳለፍስ አይቻልም?

የስፕሪንጉ ሯጭ — የካቲት 21

ነካኸኝ፤ ግን እውነትህን ነው። ማሳለፉን አስቤዋለሁ። ደግሞ አምና ሙሉውን የሰገድኩትም ንጹሕ አልነበርኩም፤ ከጎኔ ያለው ሰው እንዳያየኝ ነበር ያላቋረጥኩት።

ነርሷ ከነታንያ — የካቲት 22

እንደምን ሰነበታችሁ። የእናንተ ጾም የኔ ጾም አይደለም፤ እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። ስግደትና ጭን ሲባል ግን እኛም ያገባናል። ሰግድ የምንለው በዓላችን ስሙም ከዚያው ነው። እናቴ ጎንደር ሳለች በሰግድ ዕለት ሰው ጾሞ፣ ንጹሕ ለብሶ፣ ቄሶቹን ተከትሎ ተራራ ይወጣ ነበር፤ ከወረዱ በኋላ ነው የሚበላው። ዛሬ ኢየሩሳሌም ላይ ነው የምንሰበሰበው፤ በእስራኤልም ከ2008 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ነው።

ወደ ሙያዬ ልግባ። ወንድሜ፣ አምና ግድግዳ ያስያዘህ ነገር ጉዳት አይደለም። ጡንቻ ያልለመደውን ሥራ፣ በተለይ ክብደት ተሸክሞ እየረዘመ ዝቅ የሚልበትን ሥራ በብዛት ሲሠራ ውስጡ በጥቂቱ ይቆሳስላል፤ ሕመሙ በማግስቱ ጀምሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ስቅለት ዓርብ ከሆነ የሚብስብህ እሑድና ሰኞ ነው። ቁልቁለት መሮጥም ያንኑ ጡንቻ በዚያው መንገድ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ፍርሃትህ ልክ ነው።

አሁን ደስ የሚለውን ስማ። ያው ጡንቻ ያንኑ ሥራ አንድ ጊዜ ከቀመሰው በኋላ ሲደግም እንደ መጀመሪያው አይታመምም። ጥቂት ብቻ እንኳ ቢቀምስ ለሳምንታት ያስታውሰዋል። እስከ ስቅለት ሰባት ሳምንት አለህ። አምና የተሰቃየኸው ዓመት ሙሉ ሳትሰግድ በአንድ ቀን ስለሰገድክ ነው። እናትህ ስንት ዓመታቸው ነው? ሰግደው ቅዳሜ እንዴት ያድራሉ?

በተረፈ የምትበላውን ቁጠር። እንዳንተ ለሚሮጥ ሰው በየኪሎው ክብደት ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን በቀን ያስፈልገዋል። 65 ኪሎ ብትሆን 80 ግራም በለው። አንድ ትልቅ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል አለው፤ በሽሮ፣ በባቄላ፣ በኦቾሎኒ፣ በቶፉ ይሞላል እንጂ በአንድ ምሳ አይሞላም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጣ፤ ብረቱን ያስቀሩብሃል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ግን ያግዙታል። ቢ 12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ጉበት ለዓመታት ስለሚያከማቸው በ55 ቀን አያልቅም፣ ዓመቱን በሙሉ ጸዋሚ ከሆንክ ግን አስመርምር።

የስፕሪንጉ ሯጭ — የካቲት 22

እናቴ 68 ናት። አብራኝ ነው የምትኖረው። ስቅለት ከሁላችን በላይ ሰግዳ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥታ ወጥ ቤት ናት።

ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ ጠየቅኳት። በጾም ጠዋት ጠዋት 40 ትሰግዳለች። አንድ ቤት እየኖርን አላውቅም ነበር፤ እኔ በዚያ ሰዓት እየሮጥኩ ነው።

ሻሼ — የካቲት 22

ጠይቀሃቸው ታውቃለህ? አላልኩም?

ከጅማ እስከ ዶሃ — የካቲት 24

አሰላሙ አለይኩም። ሦስተኛ ጾሜ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ አጭር ነው።

እኛ ጋ ውሃም ስለሌለ ነገሩ ሌላ ነው። ዶሃ ውስጥ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የሩጫ ቡድን አለን። ለሁለት ዓመት ከሱሁር በኋላ ሮጥን፤ ቀኑን ሙሉ በጥማት ተቃጠልን። አሁን መግሪብ ሊደርስ 40 ደቂቃ ሲቀረው ለስለስ ያለ ሶምሶማ እንወጣና በቴምርና በውሃ እናፈጥራለን። ከባዱን ከተራዊህ በኋላ እናደርገዋለን፤ በሳምንት ሁለቴ ብቻ። በረመዳን አቋም መጠበቅ እንጂ ማሻሻል አንፈልግም። ይህን ለመቀበል ዓመታት ወስዶብኛል።

ሲፋን ሐሰንን አስታውሱ። በ2023 የለንደን ማራቶን የመጀመሪያዋ ማራቶን ነበር፤ ረመዳን አልቆ ኢድ ከሆነ ገና ሁለት ቀኑ። ጾማ ነው የተለማመደችው። መሃል ላይ ቆማ ዳሌዋን አሳሳበች፣ ሰው ሁሉ አለቀላት ሲል ተመልሳ ደረሰችባቸውና በ2:18:33 አሸነፈች። በጾም ወር ሮጦ መጠጣት አልተለማመደችም፤ የውሃ ጠርሙስ ማንሣቱ እንኳ ያስቸግራት ነበር።

ደግሞ መንገደኛ በኛም ሃይማኖት ማፍጠርና በኋላ ቀዷ ማውጣት ተፈቅዶለታል። ሞ ፋራህ በለንደን ኦሎምፒክ ጊዜ ጾሙን ወደ ኋላ አስተላልፎ ነው የሮጠው። ሁለቱም ሙስሊም፣ ሁለቱም አሸናፊ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ካለ ከመግሪብ በኋላ ይምጣ።

ቀን ቆጣሪ — የካቲት 25

የለንደን ኦሎምፒክ ሲነሣ አላስችል አለኝ። ኦሎምፒክ ብዙውን ጊዜ ከፍልሰታ ጋር እንደሚገጥም አስተውላችኋል? ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ 16 ይፈታል።

ደራርቱ ባርሴሎና ላይ 10 ሺውን ያሸነፈችው ነሐሴ 1፣ 1984 ነው፤ ጾሙ የገባ ዕለት። መሠረት ደፋር ለንደን ላይ በ5 ሺ ወርቁን ስትወስድ ነሐሴ 4፣ 2004 ነው፤ ፍልሰታም ነው፣ ዓርብም ነው። መስመሩን አልፋ ከማሊያዋ ውስጥ የእመቤታችንን ምስለ ፍቁር ወልዳ አውጥታ ለካሜራው ያሳየችውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሌላው ዓለም «አማኝ ናት» ብሎ አለፈ። እኛ ቤት አያቴ «በሱባኤዋ!» ብላ ነው እልል ያለችው። የማርያም ጾም መሆኑን ያላወቀ ሰው የዚያን ሥዕል ግማሹን ነው ያየው።

በዚያው ሰሞን ረመዳንም ነበር። አንዱ በፍልሰታ፣ አንዱ በረመዳን። ታምራት ቶላም ፓሪስ ላይ በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የሰበረው ነሐሴ 4፣ 2016 ነው፤ ይህቺ ነሐሴ 4 የምታስገርም ቀን ናት።

ሐይቅ ዳር — የካቲት 25

ከሀዋሳ ሰላም ብያለሁ። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ የተቆጠረ ጾም የለንም፣ ስጾም የማውቀው እኔና ጌታ ነን። አልማዝ አያና ሪዮ ላይ 29:17.45 ሮጣ ዓለም «ምን ወስዳ ነው» ሲል «ዶፒንጌ ልምምዴና ኢየሱስ ነው» አለች። ብዙ ሰው ኢየሱስን ሰምቶ ልምምዱን ረሳው። እሷ ግን ልምምዱንም አብራ ጠርታዋለች።

እኛ ጋ ያለውን ድካም ልናገር፦ «ጸልያለሁ» ብሎ ልምምድ የሚያጎድል ልጅ ብዙ አለ። በታዳጊዎች ፕሮጀክት አሠለጥናለሁ፤ ሲሸነፉ እምነታቸው የጎደለ ይመስላቸዋል። የጎደለው የረቡዕ ልምምድ ነው።

የስፕሪንጉ ሯጭ — መጋቢት 14፣ 2017

የት ጠፋህ ላላችሁኝ፦ ንስሐ አባቴ ጋ ሄጃለሁ። የሮጥኩትን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ነው የሄድኩት። አንብበው ሳቁና «ይህን ሁሉ ማን እያሳደደህ ነው?» አሉኝ። ረጅም ሩጫ ባለበት ቀን ጠዋት እንድበላ፣ በሌላው ቀን እስከ ስድስት ሰዓት እንድቆይ ፈቀዱልኝ። ስለ ስቅለቱ «ከእናትህ ጋር ዛሬ ጀምር፣ የዚያን ቀን የቻልከውን ትሰግዳለህ» ብቻ ነው ያሉት።

ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ 12 ሰግጄ በማግስቱ ሽንት ቤት መቀመጥ አቃተኝ። አሁን 40 ደርሻለሁ። ቅዳሜና እሑድ አንሰግድም። የቀረችኝ ጥያቄ ለደብሩ ልጅ ናት፦ ይህን የማደርገው ለጭኔ ነው ወይስ ለነፍሴ? አንዳንድ ጠዋት ራሴም አላውቅም።

የደብሩ ልጅ — መጋቢት 15

ቁጥሩን እየቆጠርክ ከሆነ ስኳት ነው። «አቤቱ ይቅር በለኝ» እያልክ ከሆነ ስግደት ነው፤ ጭንህ በመንገድ ላይ ቢጠቀም ማን ይከለክለዋል? ባለፈው የተናገርኩት ከብዶህ ከሆነ ይቅርታ። እኔም ያንተን ክር ካየሁ ወዲህ በእግሬ ነው ወደ ደብሩ የምሄደው፤ አራት ኪሎ ሜትር ናት፣ ሰው አይሳቅብኝ።

ሱሉልታ ጭቃ — መጋቢት 15

አንድ ነገር ሳልነግርህ። ፋሲካ ሌሊት ተልባ እንዳትነካ! ከጾም በኋላ ሆድ ያለሰልሳል ተብሎ የሚጠጣው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። በ30 ሰዓት ውስጥ ማራቶን ላለው ሰው ግን... ሌላውን ራስህ ጨርሰው። ዶሮውንም ለሰኞ ማታ አሳድረው። ጸሎተ ሐሙስ የሚበላውን ጉልባን ግን በደንብ ብላ፤ ስንዴና ባቄላ ነው፣ አባቶቻችን ሳያውቁት ለማራቶን ያዘጋጁት ምግብ።

የስፕሪንጉ ሯጭ — ሚያዝያ 15፣ 2017

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።

ስቅለት ሰገድኩ። ሁሉንም አይደለም። ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቼ ለግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ ማንም አላየኝም፣ ወይም ማንም ግድ አልሰጠውም። ማታ ጥብጠባው ላይ ቄሱ በወይራው እየመቱ 30 ጨመሩልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን ወረድኩት፤ ግድግዳው አላስፈለገኝም። ትንሽ ከበደኝ እንጂ የአምናው አይደለም። ሌሊት ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆየሁ፤ ቤት ስገባ ዳቦና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ቀምሼ ተኛሁ። እናቴ ዶሮውን ሳልነካ ስተኛ በሕይወቷ አይታ የማታውቀው ነገር ነው፤ ሁለት ጊዜ መጥታ ግንባሬን ነካችው።

ሰኞ ቁልቁለቱን ሆን ብዬ ይዤው ወረድኩ። በኒውተን ዳገቶች፣ ሃርትብሬክ ሂል የሚሉት ጋ ሳይቀር፣ ጭኔ ነበረ። የጎዳኝ ሌላ ነው፦ እንቅልፍ። ከ35 በኋላ ዓይኔ ሊከደን ፈለገ፤ ሩጫ ላይ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። እሑድ ማታ ቦስተን በጊዜ ብተኛም የቅዳሜው ሌሊት አልተመለሰልኝም። 3:09:48። ያሰብኩት 3:05 ነበር። ይህን ክር ወደፊት ለሚያነብ ሰው፦ ስለ ጭን ስንጨቃጨቅ ስለ እንቅልፍ አንድም ሰው አላነሣም፣ እኔንም ጨምሮ። ነርሷ እንኳ።

ነርሷ ከነታንያ — ሚያዝያ 15

እንኳን ደስ ያለህ! ልክ ነህ፣ አላነሣሁም። የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ እንቅልፍ የሚባለውን ከረሳሁት ቆይቷል።

ከጅማ እስከ ዶሃ — ሚያዝያ 15

ማሻአላህ። የሚቀጥለው ረመዳንና ሁዳዴ በሁለት ቀን ልዩነት ነው የሚገቡት። ያኔ ክሩን እንቀጥለዋለን።

ሱሉልታ ጭቃ — ሚያዝያ 16

እንኳን ደስ አለህ ጀግና! ተልባውንስ?

የስፕሪንጉ ሯጭ — ሚያዝያ 16

ሰኞ ማታ፣ ቤት እንደገባሁ። ከዶሮው በፊት። እናቴ ቆማ እያየችኝ።